የአምባዬ የጥጥ ምልክት

አዋሽ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ጤናዎን መጠየቅ ይቀድም ነበር፤ ግን ዛሬ ደስታው አላስችል ብሎኛልና ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ፣ ወንድሜ አምባዬ፣ ለፓርላማ ሊወዳደር ነው። ምርጫው ሳምንት ቀርቶታል። እሱ እንዳይጽፍልዎ ኩራቱ አልለቀቀውም፤ በማን እንደወጣ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።

ምድር ባቡሩን ትቶ መልካ ወረር፣ ጥጥ እርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ልሁን ሲል፣ "ቁስል አጣቢ!" ብለው ከቤት ያስወጡት ቀን ትዝ ይለኛል። እኔም አፌን ዘግቼ አየሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አባባ፣ አሁን እዚህ አገር እሱ ቁስሉን ያላጠበለት ሰው የለም። ጥጥ ለቃሚው፣ የወሎ ነጋዴው፣ ግመል ነጂው አፋር፣ ሁሉም "ሐኪሜ" ይለዋል። አፋርኛውማ እንደ ውሃ ነው።

ብመረጥ ብሎ የሚናገረው ብዙ አይደለም። ለቃሚዎቹ የቦይ ውሃ መጠጣት ይቅርባቸውና ጉድጓድ ይቆፈርላቸው፤ አዋሽ አርባም የራሷ ክሊኒክ ይኑራት ይላል። ከሁሉ በላይ ግን የአፋር ከብት ወደ ወንዙ የሚወርድበት መንገድ ይከፈት ነው የሚለው። እርሻው ከታጠረ ወዲህ ከብቱ ውሃው እየታየው ግማሽ ቀን ዞሮ ይሄዳል። በዚህ ሙቀት ስንቱ መንገድ ላይ ይቀራል መሰለዎ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ሲባል እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ምልክት ያስመዘግባል። አምባዬ ግመል አለ። እኔ፣ "ግመል ምን ቁም ነገር አለው? ይህን አገር ያቀናው ጥጥ ነው!" ብዬ ጨቀጨቅሁት። እሺ አለኝ። ትልቅ ጨርቅ ላይ የፈነዳ ጥጥ በነጭ ክር ጠለፍኩለት። ሲያምር!

ጨርቁን ይዘን አፋሮቹ ሠፈር ሄድን። ሽማግሌው ሀምዳ የስንት ዘመን ወዳጁ ነው፤ ጨርቁን ሲያይ ግን ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

"ሐኪም፣ ሣራችንን የበላው ይሄ ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

በሬስ ሣሩን አይቶ ነው ገደል የገባው፤ እኔ ሣሩንም አላየሁ። እዚህ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም። በሁለት ቀን ውስጥ "ድሬሰሩም የእርሻው ሰው ሆነ" የሚለው ወሬ ያልደረሰበት ሠፈር ጠፋ። ምልክቱ ደግሞ አንዴ ተመዝግቧል፤ አይቀየርም።

ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ቆሞ እያየው፣ አምባዬ ተነሥቶ ተናገረ። መጀመሪያ በአፋርኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

"ይህን ምልክት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስመርጥ ሣራችሁን ረሳሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ብመረጥም ባልመረጥም ግን በጥጡ መሐል የከብት መንገድ እንዲከፈት እጠይቃለሁ።"

የኔን ስም አላነሳም። አባባ፣ ሰው መሐል ቆሜ አለቀስኩ። እፍረቱም ነበረበት፤ ያየለው ግን ኩራቱ ነው።

ሰኞ ከሥራ አባረሩት። ቤቱም የእርሻው ስለሆነ በማግስቱ ልቀቅ አሉት። ዕቃውን በምን እናወጣለን ብለን ስንጨነቅ ትናንት ረፋዱ ላይ ሀምዳ አራት ግመሎች እየሳበ መጣ። ዘመዶቹ ከወንዙ ማዶ ጎጆ አዘጋጅተውለት ኖሯል። አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ያንን የኔን ጉደኛ ጨርቅ ሳይቀር ጭነው በጥጡ መሐል ወደሚያሳልፈው በር ቀጥ አሉ። ከኋላቸው የሀምዳ ከብት በሙሉ ይከተላል።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሱሩር ነበር፤ አምና ሚስቱ በወባ ልትሞት ስትል አምባዬ አጠገቧ ሦስት ቀን ተቀምጦ ያተረፈለት።

"የሐኪም ዕቃ ነው፤ ይለፍ" አለ ሱሩር። "ከብቶቹስ?"

"እነሱም ዕቃው ናቸው" አለ ሀምዳ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ሱሩር ከብቶቹን አየ፣ አምባዬን አየ። "አላህ ያውቃል፤ እኔ ዕቃ ነው ያሳለፍኩት" አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ላሞቹ ውሃው ሲሸታቸው ሮጡ። ሀምዳ ከኋላቸው መሮጥ አቅቶት ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠጡ ያይ ጀመር። አምባዬም አጠገቡ ተቀመጠ።

ያሸንፍ አያሸንፍ እኔ አላውቅም። ሥራ የለውም፣ ጎጆውም የሰው ነው። ነገር ግን አባባ፣ አንድ መስመር ይጻፉለት። አድራሻው ጠፋኝ ብለው እንዳይተዉት፤ "ለቁስል አጣቢው አምባዬ ገብረሥላሴ፣ አዋሽ" ቢሉ ማንም ያደርስለታል።

ጥፋተኛዋ ልጅዎ፣
ስንቅነሽ