ያላስተማርከኝ ሙያ

ቫልሚር፣ ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ሲሆን ወሬው ሲመርህ ኔትወርኩ ይቆረጥብሃል፤ ወረቀት አይቆረጥም።

ለማንኛውም ወንድሜ ነህና ሰላም ልበልህ። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? በጀርመን ብርድ መኪና ላይ አጎንብሰህ እየዋልክ ተሻለህ ወይስ ባሰብህ? ክላውዴቴስ ደህና ናት? የልጃችሁ የታይስ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። አባባም የማቴ ሻይ ቅሉን ታቅፎ በረንዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ባለፈው ወር እዚህ የወረደው በረዶ የጋሽ አደሚርን ጋራዥ ጣሪያው በተሰረጓጎደ መኪና ሞላው። እኔን እንደልማዳቸው የፊት መብራት ፍቺ፣ የመኪና ኮርኒስ አውርጂ አሉኝ። ባለሙያው ኤዴልሶን እጁ አብጦ የአንድ ጥቁር መኪና ኮፈን ጥሎ ሲሄድ ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁበት። የማቃኛውን ብረት ከሥር አስገብቼ፣ የሥራው መብራት ቀለሙ ላይ የሚጥለውን ነጭ መስመር እያየሁ ትንሽ በትንሽ ገፋሁት። ጠንከር ካደረግከው ብጉር ያወጣል፤ ከደገምከው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ስቱኮና ቀለም ነው፣ ቀለም ሳይነኩ ማቃናት የሚባለው ሙያችንም አበቃ።

ይሄን ለእኔ ትነግሪኛለሽ ወይ ትላለህ። ለእኔስ ማን ነገረኝ? አንተማ እዚህ ስትሠራ መኪናውን በሸራ ጋርደህ፣ ውሃ ሳመጣልህ እንኳ ኩባያውን ከሥር አሳልፊ ትለኝ ነበር። እኔ ከቁራሌው ያረጀ በር ለምኜ፣ ራሴ በመዶሻ እየጎዳሁ ራሴ እያቃናሁ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ እጄን አምኜ መስመሩን ስለማላየው በሩን ብጉር በብጉር አድርጌው ነበር።

ጋሽ አደሚር ኮፈኑን በመብራት ሦስቴ ዞሩት። ጉዳቱ የቱ ጋ ነበር አሉኝ። አላሳየኋቸውም፤ ይፈልጉት። ከዛ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሰኞ የራስሽን መብራት ታበሪያለሽ፣ ብቻሽን መኪና ትይዣለሽ አሉኝ። ኤዴልሶን፣ በቃ ኩባያ የሚያጥብልን አጣን ብሎ አላገጠ።

አንተስ? እማማ ደስ ብሏት ብትነግርህ፣ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ የኔ ተማሪ ናት፣ ሁሉንም ያሳየኋት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍክ። ወሬው ጋራዥ ደረሰ። ደንቡን ታውቃለህ፤ ተማሪ ሁለት ዓመት በአስተማሪው ሥር ይሠራል፣ ብቻውን መኪና አይነካም። ጋሽ አደሚር፣ ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ ወንድምሽ በማርች እስኪመለስ ጠብቂ አሉኝ። ይኸው ዛሬም ኮርኒስ ሳወርድ ዋልኩ።

አባባ ደግሞ ለታላቅሽ ብትተዪለት ምን ትሆኛለሽ ይለኛል። አልተውም። ሁለት ዓመቴን እኮ ነው የወሰድከው። ሌላ ጋራዥም አልሄድም፤ መብራቴን እዚሁ፣ እነሱ ፊት አበራለሁ።

ክላውዴቴን ሳምልኝ፣ በእሷ የምቀየምበት የለኝም። ታይስን ሁለቱንም ጉንጯን። እማማ ናፍቀኸኛል ትላለች፤ አባባ ወፍራም ካልሲ ልበስ ይልሃል።

እሑድ እኛ ቤት ለምሳው ጥብስ ጋሽ አደሚርን ጠርቻቸዋለሁ፣ ኤዴልሶንም ይመጣል። የእማማ ስልክ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ደውልና ሁሉም እየሰማ መልስ፦ እኔን ማን አስተማረኝ?

እህትህ ሲርሌይ
ካሺያስ ዶ ሱል፣ ኖቬምበር 21