ዓይንህን ቢጫ ያደረገው ነገር

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ለጌታነህ።

እንደምን አለህ እንዳልል ካለህበት መልስ አይመጣም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ አለሁ ከተባለ አለሁ። ዘመዶችህ ጥቁሩን አውልቂ እያሉ ቢጨቀጭቁኝም እምቢ ብያለሁ፤ ግትር ነሽ ትለኝ አልነበር? ገብሱን እስካሁን ውርጭ አልነካውም። የምታሞላቅቃት ጥቁር በግ መንታ ወለደችና ልነግርህ ወደ መደቡ ዞርኩ። ባዶ ነው።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ልጃችን ብርቄ በፍልሰታ ጾም እንዳንተ ማሳል ጀመረች። ስትመረመር ያው ያንተው የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ሐኪሙ ከቤተሰብ የታመመ ነበር ወይ ሲለኝ፣ አባቷ ከነቀርሳው እየዳነ ሳለ የወፍ በሽታ ገደለው አልኩት። መጻፉን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የነቀርሳውን ኪኒን ይወስድ ነበር ወይ አለኝ።

እንዴት አትወስድ! ሳሉ ለቆህ፣ እህል መቅመስ ጀምረህ ነበር። ከዚያ ዓይንህ ቢጫ ሆነ። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ተባለ፣ ሁላችንም አመንን። መድኃኒት አዋቂው የቀመመልህን ጠጣህ። ኪኒኑን ግን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ ተብለህ ነበርና፣ የቀመስከው ሁሉ እያስመለሰህ እንኳ እሱን ትውጥ ነበር። የታዘዝከውን የማታጓድል ሰው! እኔም ውሃውን እያቀረብኩ ጎበዝ እልህ ነበር።

ሐኪሙ የብርቄን ደም አዲስ አበባ ላከው። መልሱ ሲመጣ አስረዳኝ። የአንዳንድ ሰው ጉበት፣ አፈጣጠሩ ሆኖ፣ ያንን የነቀርሳ ኪኒን ቶሎ አፍርሶ አያስወጣውም። ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እሱ ላይ እየተጠራቀመ ጉበቱን ይጎዳዋል፤ ዓይን ቢጫ የሚሆነውም ጉበት ሲጎዳ ነው። በዘር የሚወረስ ነው አለኝ። ብርቄም እንዲያ ናት፤ ግማሹን ካንተ፣ ግማሹን ከእኔ ወርሳ። ያንተን ደም አሁን መመርመር ባይቻልም፣ አንተንም የጎዳህ ይኸው ሳይሆን አይቀርም አለ። ወፍ አልነበረም፣ ጌታነህ።

ለእሷ መጠኑን ቀነሰላት፤ ጉበቷንም በየጊዜው ያዩላታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደጅ አውጥቼ ዓይኗን በፀሐይ አየዋለሁ። እማዬ በቃሽ ትለኛለች። ነጭ ነው። ነጭነቱን አይቼ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ላንተ ያልደረሰው እርዳታ ለእሷ የደረሰው ያንተን አሟሟት ስለነገርኩ ነው። ይህን ደስታ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ማታ ያንተን ባና ለብሳ ትተኛለች። ጫፉ ተበልቷል፣ ልዘምዝመው አስቤ ተውኩት፤ አንተ እንደተውከው ይሁን።

ሙት ዓመትህ በደረሰ ቁጥር የክርስትና ስምህን ለቄሱ እነግራለሁ። ከእንግዲህ ለሐኪምም እነግራለሁ። ብርቄ ወልዳ፣ የልጅ ልጅህን አዝዬ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ምን አመመው ሳይሉኝ በፊት፣ አያቱ ጌታነህ ይባል ነበር፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ ብዬ ነው የምጀምረው።

ያንተው ሸዋዬ