በሁለተኛው እርማት ስለ መሞትህ

ጋሼ እንቅልፉ፣

ስትነሳ ማንም ቢያንኳኳ በሩን እንዳትከፍት። ሞተሃል።

ጉዱን ያመጣው ለነፃ ትምህርት ዕድል የምጽፈው የሕይወቴ ድርሰት ነው። መጀመሪያ እንደው ከታላቅ ወንድሜ ከአንተ ጋር አብረን ስለ መኖራችን ብጽፍ፣ መምህሯ "ስሜት የለውም" ብላ መለሰችብኝ። ሳርመው አሳመምኩህ። "አሁንም ትንሽ ይቀረዋል" አለች። ምን ላድርግ? ገደልኩህ።

አንብባ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ይኸው ዛሬ ከሰዓት የክፍሉን ልጆች አስከትላ ለቅሶ ልትደርሰኝ ነው።

ይዣቸው ስገባ አልጋ ስር ሁን። በእናትህ እንዳታንኮራፋ። ጫማህንም ከደጃፉ አንሳ።

እኔ ፎቶህን ላሳድግ ፎቶ ቤት ሄጃለሁ። የምትስቅበትን ነው የመረጥኩት።

ደግሞ ድርሰቱ ላይ ሳህን የምታጥበው አንተ ነህ። የትናንቱን እንኳ እጠብ፣ ውሸታም አታድርገኝ።

እንዳትቀየመኝ። መምህሯን ያስለቀሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በቀይ አስምራበታለች፦ "እሱ ከሌለ ቤቱ ጭር ይልብኛል።"

እሱን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ አንድ ፊደል አልነካሁበትም። ያኔ ግን በሕይወት ስለነበርክ ልብ አላለችውም።