በአፋፍ ሰፈር ያልተለቀሰላቸው

እቴትዬ፣ እናቴ፣

ከተለየሽን ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ደባርቅ እንደምታውቂው ነው፤ ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ደጁን ይዘጋዋል፤ የምጽፍልሽም ባናሽን ደርቤ ነው።

ሰፈራችን ስም የለውም አሁን። ቀበሌው በቁጥር ይጠራዋል። ድሮ ከዳባትም ከአዲ አርቃይም የመጣ እንግዳ «አፋፍ ሰፈር የት ነው?» ካለ ከሦስት ሰው አንዱን ፈልጎ ነበር፤ ፊታውራሪውን ለዳኝነት፣ አያ ዳኘውን ለማሲንቆው፣ አንቺን ለለቅሶ። የፊታውራሪው ግቢ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሆነ ቆየ፤ እሳቸውም እስር ቤት ሞቱ ነው የሚባለው። አያ ዳኘው ኪነት ቡድን ገብቷል። በሰልፍ ቀን የተጻፈለትን ይዘፍንና ሲጨርስ ቀና ብሎ ሰው አያይም። አንቺን ለመውሰድ ግን ሞትሽን ያልሰማ ሰው ዛሬም በቅሎ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ጥር ከኮሶዬ የመጡ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆመው «አበቡ አለች?» ሲሉኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእጄ አመለከትኳቸው።

አብሬሽ ለቅሶ የዞርኩበትን ጊዜ አስባለሁ። እንደ ሌሎቹ አልቃሾች ከበር ላይ ጩኸት አታስቀድሚም ነበር። መጀመሪያ የሟችን ሰዎች ጥግ ትይዥና፣ «ሲስቅ እንዴት ነበር? የትኛውን በሬ ይወድ ነበር? ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሞተ?» እያልሽ ትጠይቂያለሽ። «ሰውየውን ሳላውቀው ብጮህ ለጆሮ ብቻ ነው» ትይኝ ነበር። ከዚያ ስትነሺ፣ ሟቹ ራሱ በደጅ የገባ ይመስል ድንኳኑ ጸጥ ይላል። እኔ ከጎንሽ ሆኜ ስንኝሽን እቀበልሽ ነበር።

የይርጋ ለት ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገሽም። የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ፣ በእጅሽ ያደገ ተማሪ። አብዮት ጠባቂዎች ገድለው ገበያው ዳር ጣሉት። ሬሳውን ለእናቱ አልሰጧትም፤ እንዳታለቅስም ተነገራት። እሷም ደጇን ከፍታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ፊቱን እያዞረ ያልፍ ነበር። አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ገባሽ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አድማሱ ከጠባቂዎቹ ጋር ደረሰ።

«ሴትዮ፣ ለፀረ አብዮት አይለቀስም!» አለሽ።

«እኔ የማለቅሰው ለጥሩነሽ ልጅ ነው» አልሽው። «አንተ የምትለውን ሰው አላውቀውም።»

አንዷን ስንኝ ሳትጨርሺ ወሰዱሽ። ክረምቱን ፊታውራሪው ግቢ ካለው ጎተራ ውስጥ፣ እርጥብ መሬት ላይ አሳለፍሽው። ስትመለሺ ደረትሽ ተበላሽቶ ነበር። ሳሉ መጀመሪያ ድምፅሽን ወሰደው፤ ኅዳር ላይ ደግሞ አንቺን። ስንቀብርሽ ሁለት ጠባቂዎች ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ቄሱ ፍታቱን ፈጸሙ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ አንድም ሰው ድምፅ አላወጣም።

ብዕር ያነሣሁት ግን ዘንድሮ የሆነውን ልነግርሽ ነው። በሰኔ የጓድ አድማሱ ልጅ ሙሉቀን ሰሜን ግንባር ሞተ ተብሎ መርዶ መጣ። በማግስቱ እናቱ እትዬ ዘነቡ እኔ ዘንድ መጣችና ጉልበቴን ያዘች። «የአበቡ ልጅ፣ የእናትሽ ድምፅ አንቺ ጋ ነው ያለው። ልጄ አፈር እንኳ ሳይለብስ በረሃ ቀርቷል። ለቅሶም አይነፈገው» አለችኝ።

እቴትዬ፣ አልዋሽሽም፤ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ። በሩን ልዘጋባት እጄን አንሥቼ ነበር። ግን ሙሉቀንን አውቀዋለሁ። እሱና ይርጋ ኳስ ሲራገጡ አጥራችንን ያፈረሱ ለት ሁለቱንም በአንድ አርጩሜ ገርፈሽ፣ ሁለቱንም አንድ ገበታ ላይ አብልተሻቸዋል። አባቱ ያደረገውን እሱ አላደረገውም።

ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ጓድ አድማሱ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆምኩና ስለ ሙሉቀን ሙሾ አወረድኩ፤ ስለ ኳሱ፣ ስለ ፉጨቱ። ሰው ሲያለቅስ ድምፄ ጠናልኝ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

ባንድ ደጅ ያደጉ ሁለት ልጆች ሞቱ፣
ላንዱ ድንኳን ቆመ፣ የታል ያንዱ ፍታቱ?

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንድ ጠባቂ ሊነሣ ሲል ጓድ አድማሱ እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ ያዘው። ለምን እንደያዘው አላውቅም። እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል። ያኔ እትዬ ጥሩነሽ ከኋላ ተነሣች። መቼ እንደገባች ማንም ልብ አላለም። ሰውን እየገፋች መጥታ እትዬ ዘነቡን አንገቷን አቀፈቻትና «ይርጋዬ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ዘነቡም «ሙሉዬ!» እያለች ተቀበለቻት። ሁለቱ እናቶች እንደተቃቀፉ አለቀሱ።

እኔ ግን ሰላም አላገኘሁም። «የእናቷን ገዳይ ቤት አደመቀች» የሚሉኝ አሉ። አንቺ ምን ትዪኝ ነበር? በር በተንኳኳ ቁጥር ቀበሌ የሚጠራኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። እስካሁን ግን የሚመጡት ሴቶች ብቻ ናቸው። እሳት ለመጫር ብለው ይገቡና በሩን መለስ አድርገው የልጃቸውን፣ የባላቸውን፣ የወንድማቸውን ስም በጆሮዬ ይነግሩኛል። በዚህ ሰፈር እንባ የቀረበት ይህን ያህል ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። እኔም ለእያንዳንዱ ስንኝ ይዣለሁ።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ፣ እግዜር ካለ፣ ከመቃብርሽ ላይ ቆሜ በቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አለቅስልሻለሁ። እትዬ ጥሩነሽ «እኔ እቀበልሻለሁ» ብላኛለች። ጠባቂዎቹ ቢመጡ ይምጡ። እኔ በሕይወት እያለሁ አበቡ የሚለው ስም በሹክሹክታ አይጠራም።

ልጅሽ