የኮች አውራ ጣት

ሰኞ

ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። አንገቴ ላይ የቀረው ትንፋሹ ግን አልለቅ አለኝ። ኮች ሾት አስተምርሻለሁ ብሎ ከኋላዬ ይቆማል፣ ክርኔን ይይዛል፣ ከክርኔ ወርዶ ጎኔን ይይዛል፣ ከዚያ እጁን እዚያው ይረሳዋል። ኳሱ ገብቶ ወጥቶ ተንከባሎ አጥሩ ጋ ደርሶ እንኳ እጁ እዚያው ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ቀፈፈኝ። ዝም አልኩ ግን።

ዝም ያልኩት በቅዳሜ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ሞጣ ምርጫ አለ። አንድ ኮሌጅ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ ልጆች ሊያይ ይመጣል፣ የተመረጠች ነጥቧ ዝቅ ቢልም ትገባለች፣ ማደሪያም ምግብም አለ። እኔ በነጥብ የትም አልገባም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተባልኩ እንጂ የተማርኩት ግማሹን ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲከፈት ደግሞ ሲዘጋ፣ እንዲሁ አረጀሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ሒሳቡ አይገባኝም። የሚገባኝ ኳስ ነው። ኳሱ ቀለበቱን መትቶ ሲመለስ የት እንደሚወድቅ ቀድሜ አውቀዋለሁ፣ እግሬ ራሱ ይሄዳል።

ከልምምድ በኋላ ኮች ይበልጣል ለብቻዬ ጠራኝ። እኔና አንቺ አርብ ቀድመን እንሄዳለን አለ፣ ሌሎቹ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳሉ፣ ከኮሌጁ ሰዎች ጋር አስተዋውቅሻለሁ። ልናድር? አልኩት። "ልናድር ነዋ! ሕፃን ነሽ እንዴ?" ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

ከቢቸና ማን ሞጣ እንደሚሄድ የሚመርጠው እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ሾት ሲያስተምረኝ ሸሸሁት። በቃ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ። ወዲያው "ስመኝ ደክማለች፣ ትቀመጥ" ብሎ ቀኑን ሙሉ አስቀመጠኝ። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ የሌሎቹን ጫማ ሳይ ዋልኩ። ዝናሽ ስታልፍ "ምሰሶዋ ዛሬ ወደቀች?" ብላ ሳቀችብኝ። ዝናሽ ጓደኛዬ ናት፣ እኔ ረጅም ነኝ፣ እሷ አጭር ናት ግን ኳስ ይዛ ስትሮጥ የሚደርስባት የለም። ልነግራት ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ? እጁን ረሳው ልበል?

እቤት ስገባ እማ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ አመለጠኝ፣ ኮች አርብ እኔን ብቻ ይዞኝ ሊሄድ ነው አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም፣ በእመቤቴ ምንም አላልኩም። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"እናቱ በሕይወት አለች?" አለችኝ።

አለች፣ ገጠር ናት፣ ቅርብ ናት አልኳት።

"ሚስትስ?"

ሚስትም ሁለት ልጅም አለው።

"እህ" አለችና መልቀሟን ቀጠለች። በቃ። እኔ ፍርሃት ሊገድለኝ እሷ ጠጠር ትለቅማለች።

ረቡዕ

እናቴ አብዳለች!

ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ አያ ላቀው ዘንድ ሄደች፣ ጎረቤታችን ሽማግሌው፣ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚታረቀው። ተመልሳ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አባት የለሽም፣ ኮችሽ የጡት አባት ይሁንሽ፣ ነገ ጣቱን ትጠቢያለሽ።"

ጡት መጣባት! አሁን ይሄን ማን ያደርገዋል? እኔ የማውቀው አያ ላቀው ሲያወሩ ነው፣ ድሮ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ወይ ልጅ የሌለው ልጅ ሲፈልግ፣ ሰውዬው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጁ በምስክር ፊት ይጠባዋል፣ ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ናቸው፣ ከወለደው አይለይም። የእሱን ጣት? በአፌ? ያንን ጥፍር አውቀዋለሁ፣ ረጅም ነው፣ ውስጡ ጥቁር ነው፣ ጆሮውን ይጎረጉርበታል።

ጮህኩባት። ሰውዬውን አታውቂውም አልኳት። "ዝም በይ፣ ትጠቢያለሽ" አለችኝ። ደግ ሰው መስሏታል! ልጄን ሊያስተምርልኝ ነው ብላ ነው! ደግሞ ሳስበው ባሰብኝ፣ አባት ከሆነማ ወደፈለገው ቢወስደኝ ማን ይጠይቀዋል? አባቷ ነው ይላሉ። አስራ ልትሰጠኝ ነው። እናቴ ራሷ በማር ቀብታ።

ልጥፋ አልኩ። የት ልጥፋ? ደጀን ወርጄ ሆቴል ዕቃ ላጥብ? እሱንም አሰብኩት። እዚያም ሄጄ ያው ነው፣ ወንዱ እዚያ ይብሳል።

ልምምድ አልሄድኩም።

ሐሙስ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ኮች ለምሳ የተጠራ መስሎት ጃኬቱን ለብሶ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ከበር ሲገባ ጠቀሰኝ። እማ ባለችበት! ከዚያ ጓዳ ማን ተቀምጣ ቢያይ፣ እናቱ! የገዛ እናቱ! እማ ትናንት ሰው ልካ አስጠርታቸው ኖሯል። "ምነው እማዬ?" አለ፣ ድምፁ ቀጠነ።

አያ ላቀው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ይቺ ልጅ አባቷ ሞቶባታል፣ አንተ ደግሞ ጥረህ ሰው ልታደርጋት ነው፣ ስለዚህ አባቷ ሁን፣ አጥባት አሉት። ኮች ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም።

"ኧረ አያ፣ እኔ ገና ወጣት ነኝ እኮ፣ ይሄ ደግሞ የድሮ ነገር ነው፣ እኔ የስፖርት ሰው ነኝ..."

"ሁለት ልጅ የለህም?"

"አሉኝ።"

"ሦስተኛ ትሁንህ። ምን አነሳት? ቁመቷ ነው የበዛብህ?"

እናቱ እልል አሉ! አሮጊቷ ደስታቸው፣ የልጅ ልጅ አገኘሁ እያሉ ጉንጬን ሲስሙኝ። "እሺ በል እንጂ ልጄ፣ እምቢ ይባላል እንዴ? ምን ነውር አለው?" ይሉታል። ፊቱ ሲሚንቶ መሰለ። እናቱን አየ፣ በሩን አየ፣ በሩ ላይ እማ ቆማለች።

ጣቱን ነከረ። ጠባሁት። ዓይኔን ጨፍኜ። ማሩ ከላይ ነው ከሥሩ ጨው ነው፣ ጥፍሩ ምላሴን ነካው፣ ልነክሰው ፈለግኩ። አያ ላቀው ደግሞ አይቸኩሉም። "ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ናት። በክፉ ብታያት ዓይንህ ይፍሰስ። በክፉ ብትነካት እጅህ ይስለል። የወለድከው አይባረክ። አሜን በል።"

"አሜን።"

"አልሰማሁም።"

"አሜን!" አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር።

ያኔ ነው እማን ያየኋት። እሱን ነበር የምታየው። ዱላ ያየ ውሻ እንደሚታይ አድርጋ ነበር የምታየው።

ሲሄዱ ሮጬ ወደ ጓሮ ወጥቼ ሁሉንም አወጣሁት። እማ መጥታ ውሃ አፈሰሰችልኝ። አውቀሽ ነው? አልኳት። "ትፊው ልጄ፣ ትፊው" አለችኝ፣ "መሐላው እሱ ሆድ ነው ያለው።" እሷን ማን አስተማራት? ይሄን ሳስብ ደግሞ ፈራሁ።

አርብ፣ ሞጣ

ሞጣ ነኝ! እንዴት እንደመጣሁ ልጻፍ።

ጠዋት ዝናሽ እየሳቀች መጣች። ኮች በአንቺ ፈንታ እኔን ሊወስደኝ ነው፣ አንቺማ አሁን ዘመዱ ሆነሻል ትለኛለች፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ለካ በእኔ በኩል ያለውን በር ብቻ ነው የዘጋነው። በእኔ በኩል ሲዘጉት በእሷ በኩል ዞረ! ምን አይነት ሰው ነው? ምን አይነት እንስሳ ነው?

ነገርኳት። እጁን፣ ትንፋሹን፣ ሁሉን። ዝናሽ ጫማዋን እያየች "እኔንም እኮ" አለች። እኔንም እኮ። ይሄን ያህል ጊዜ አንድ ሜዳ ላይ እየሮጥን፣ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን! ይቅርብሽ አልኳት። "ብቀር ይመርጠኛል?" አለችኝ። አይመርጣትም።

ስለዚህ ለእማ አብሬያቸው ልሄድ ነው ብያት ቦርሳዬን ያዝኩ። መናኸሪያ ሄጄ መኪናው በር ላይ ቆምኩና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "አባዬ፣ እኔም አብሬህ ነኝ!" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። አያ ላቀው እማን አስከትለው ደርሰዋል። "መልካም መንገድ ይበልጣል፣ ልጆችህን አደራ!" አሉት። ልጆችህን። ምን ይበል? በእሱና በዝናሽ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ሽቶው ግንደወይን እስክንደርስ አፈነኝ፣ መኪናው እዚያ ሲቆም መስኮት ከፍቼ ተነፈስኩ።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወፍራም ሴትዮ ናቸው፣ "ምንህ ናቸው?" አሉት። እኔ አባታችን ነው አልኳቸው። ከላይ እስከታች አዩኝ፣ ከእሱ እበልጣለሁ በቁመት። "በስንት ዓመቱ ወለዳችሁ እናንተዬ?" ብለው ሳቁ። በጡት ነው፣ ትናንት ነው ያጠባን አልኩ። ሳቃቸው ቆመ። "እንዲያ ነው?" አሉና ለእኔና ለዝናሽ ከራሳቸው ክፍል አጠገብ ያለውን ሰጡን፣ እሱን ከግቢው ማዶ ሽንት ቤቱ ጋ።

ከእራት በኋላ አንዴ አንኳኳ። "ዝናሽ፣ ስለነገው ላወራሽ ነበር" አለ። ዝናሽ እጄን ጨመቀችው። ከጎን ሴትዮዋ በግድግዳው "አባት ለልጁ ነገ ያወራል!" ብለው ጮሁ። እግሩ ሲርቅ ሰማነው። ሳቅን፣ ከዚያ ዝናሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅን። ከእማ የያዝነውን በሶ በልተን አልጋውን ገፍተን በሩን ዘጋንበት።

ቅዳሜ

ዝናሽ ከመጀመሪያው ገባች። እኔን አስቀመጠኝ። አውቆ ነው፣ ተበቀለኝ። ጨዋታው እያለቀ፣ እሱ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ አግዳሚው ላይ። እኔን መንካት ቢከለከል መጫወት ከለከለኝ፣ የተጠላሁ ዕቃ። አሁንስ በቃ አልኩና ተነስቼ ከኮሌጁ የመጣችው አሰልጣኝ ጋ ሄድኩ፣ ሴት ናት፣ ፉጨት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። "ኳስ እችላለሁ፣ አላስገባኝም" አልኳት። ድምፄ እንደ ጫጩት ነበር። ወደ ኮች ዞራ "ይቺን ቁመት ምን ብለህ ነው የምታስቀምጠው?" አለችው። "ድካም አለባት" አለ። "እኔ ልየው ድካሟን" አለች።

ገባሁ። መጀመሪያ ኳስ ከእጄ አመለጠኝ፣ ደግሞ አመለጠኝ፣ ማልቀስ አማረኝ። ከዚያ ዝናሽ ወርውራ ሳተች፣ ኳሱ ቀለበቱን መታ፣ እግሬ ሄደ። ያዝኩት። መለስኩት፣ ገባ። ከዚያ በኋላ የነበረውን በደንብ አላስታውሰውም፣ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ያዝኩ፣ አንዷ ልጅ "ውይ፣ ይቺማ ፍየል ናት ቅጠል የምትቀጥፍ!" ስትል ብቻ ሰምቻለሁ።

ሴትዮዋ ስማችንን ጻፈች፣ የእኔንም የዝናሽንም። መረጥኳችሁ አላለችም። ሌላ ከተማም ታያለች፣ ከዚያ ለትምህርት ቤት ይደወላል አለች። ስልክ ቁጥርሽን ስጪን ስላት ኮች ሰማ፣ እሷም ኮች እንደሰማ አየችና ለእኔ ሰጠችኝ። ምን እንደገባት አላውቅም። ምናልባት ምንም።

አሁን መኪና እየጠበቅን ነው። እሱ ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሌላ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ወደ እኔ እየጠቆመ ያወራል፣ "ልጄ ናት፣ እኔ ነኝ ያወጣኋት" ሲል ነፋሱ አመጣልኝ። ቀፈፈኝ። ስሜ ቢወጣ ዕድሜውን ሙሉ ይሄንን ሊያወራ ነው። ሰኞ ደግሞ ያው ሜዳ ያው እሱ፣ ሌሎቹ ልጆችም አሉ፣ ታናናሾቹ፣ እነሱን ማን ያጠባቸዋል? ለእማ እነግራታለሁ። አሁን አፌ እሺ ብሎኛል።

ዝናሽ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ ከብዳኛለች። ይደወል ይሆን?