ከሆዴ የወጣው ጉድ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ለቁንጥንጧ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ተርፌያለሁ። ምግብ ላይ ከሆንሽ ግን ይህን ደብዳቤ አስቀምጪውና በልተሽ ስትጨርሺ አንብቢው።

ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አይ ነበር፤ ኪንታሮት ነው ብዬ ደብቄው ከረምኩ። ወንድምሽ ነቃብኝና እየጎተተ ሆስፒታል ወሰደኝ። መጀመሪያ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት አጠጡኝ፤ ጨው ጨው የሚል፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ። ከሽንት ቤት አልጋ ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻ የሚወጣኝ ውሃ ብቻ ሆነ፤ ሽታው ግን የውሃ አልነበረም።

በማግስቱ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገቡብኝ፤ በየት እንደሆነ ገብቶሻል። ማደንዘዣው አደነዘዘኝ እንጂ አላስተኛኝም።

"እማማ፣ ስክሪኑን አይዩ" አለችኝ ሐኪሟ።

አየሁት፤ የገዛ ሆዴ አይደል! ቀይ፣ እርጥብ ዋሻ። ግድግዳው ላይ የበሰበሰ እንጉዳይ የመሰለ እባጭ ተለጥፎ ደም ያዣል።

"ካንሰር ነው?" አልኳት።

"አይመስልም። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሉን እየጣለ ያሳበጠው ነው። ውሃ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ እንዴ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ሰላጣና ካሮት ለገበያ የማጥበው ቦዩ ውስጥ ቆሜ አይደለም? ትሉ የእግር ቆዳ በስቶ ነው አሉ የሚገባው። ብቻዬን የምኖር መስሎኝ፣ ለካ በሆዴ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ!

ሐኪሟ እባጩን በሽቦ ቀለበት አንገቱን አንቃ ቆረጠችው። አላመመኝም፤ ቀፈፈኝ እንጂ። በብልቃጥ አድርጋ ስታሳየኝ ጫማዋ ላይ ሐሞት አስመለስኩባት። ሲመረመር ካንሰር የለውም ተባለ፤ የትሉንም መድኃኒት ዋጥኩ። ግን ልጄ፣ ገላዬን ተጸየፍኩት። እህል ሲቀርብልኝ ያ እባጭ ድቅን ይልብኛል። ወንድምሽ ሊያቅፈኝ ሲመጣ እሸሸዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው በስልክ "ትንሽ ደም አያለሁ፣ ኪንታሮት ነው መሰለኝ" ብለሽ ስቀሽ አለፍሽው። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። አንቺም እኮ ያደግሽው ከጎኔ ቦዩ ውስጥ ቆመሽ ነው።

ያሳፍራል እንዳትይኝ። እናትሽ ቂጧን ለማታውቀው ሰው ገልጣ ተኝታለች! ነገ ዛሬ ሳትይ ተመርመሪ። ውሃ ውስጥ ስትሠሪ እንዳደግሽም ንገሪያቸው፤ እዚያ ፈረንጅ አገር ያሉት ሐኪሞች ትሉን ስለማያውቁት ላይጠረጥሩ ይችላሉ።

ክፉው በእኔ ይብቃ፤ አንቺን ጤና ያድርግልኝ። መልስ አትጻፊ፤ ውጤቱን ይዘሽ ደውዪልኝ። ከሆድሽ ምንም ይውጣ ምን፣ እኔ አንቺን አልጸየፍሽም።

እናትሽ