ጉድጓዱ አፉ ድረስ ሞልቷል

የሆዴ ልጅ ቦግላርካ፣ እግዚአብሔር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። እኔና ዶሮዎቹ ደህና ነን።

የቲሳ ወንዝ ከዳሩ ሳይወጣ፣ የጥር በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ከመሬት ሥር መጣብን። ጎረቤታችን ማትያሽ ምድር ቤቱ የገባውን በፓምፕ እያወጣ እዚያው ግቢው ውስጥ ይደፋዋል፤ ውሃውም ከሥር ዞሮ ይመለስበታል። «አንተ ሰውዬ፣ ያንኑ ውሃ እኮ ነው የምታመላልሰው!» ብዬ ብነግረው አኮረፈኝ።

የጉድጓዳችንን ውሃ ድሮ በረጅም ገመድ ነበር የምለካው፤ ዛሬ ጎንበስ ብዬ በኩባያ ቀዳሁ። ማዘጋጃ ቤት ስደውል ስልኩን የሚያነሳው ልጅ «እማማ፣ መለካቱን እንዳያቋርጡ» ይለኛል። ለክቼስ? የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ እርጥበቱ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ዕቃሽን ሁሉ አልጋሽ ላይ ከምሬዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የማወጣበት የለኝም።

እሁድ ስትደውዪ ስለ ውሃው አትጠይቂኝ፣ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ። ማርያም እግርሽን ደረቅ መሬት ላይ ታኑርልኝ።

እናትሽ ፒሮሽካ